አራስ ጥየቃ ወደ ወበቅ አገር

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ሳሰምር ቆላን ሁልጊዜ ከታች፣ በቢጫ ጠመኔ ነበር የማሰምረው። ከፍታው ይህን ያህል፣ ሙቀቱ ያን ያህል፣ የሚበቅለው ማሽላና ሰሊጥ። ተማሪዎቼ ጽፈው ያጠናሉ፣ እኔም አርሜ ማርክ እሰጣለሁ። ቆላ ወርጄ ግን አንድ ቀን አድሬ አላውቅም ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ደብረ ብርሃን አስተምሬ፣ ደብረ ብርሃን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሐምሌ ሲገባ ሁለት ካልሲ ደርቦ መተኛት ለእኔ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ዘንድሮ በሰኔ መጨረሻ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ወደ መርሳ ሄድን። ብቸኛዋ ልጃችን ህሊና የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ወልዳ ነበር። ባሏ ተመስገን የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ባለው የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማሳ ላይ ሲዞር ይውላል። እሷም አስተማሪ ናትና ሥራዋን አዛውራ ባለፈው ኅዳር ተከትላው ሄደች።

ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ከአጠገቧ ትሆናለች፤ ይህ በእኛ ቤት የማይታለፍ ነገር ነው። ነገር ግን ህሊና ምጥ በያዛት ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ስልኩም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። የልጅ ልጃችን መወለዷን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። አስካለ እልል ብላ ስታበቃ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ቆርጣለች፦ መንገዱ እንደተከፈተ ሄዳ ልጇንም ሕፃኗንም ይዛ ትመለሳለች፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነውና ክርስትና የምትነሣው፣ ክርስትናውም በእኛው ደብር ይሆናል። «በዚያ እሳት ውስጥ አራስ አይቀመጥም» አለችኝ። የጓሮውን ክፍል አስጠርጋ፣ አልጋ አዘርግታ፣ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅላ ጨርሳለች። ህሊናን ጠይቃት እንደሆነ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ መናኸሪያውን ያገኘነው በድምፅ ነበር። እኔ ከላይ ካፖርት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ ለብሻለሁ። የአስካለ ጓዝ ለብቻው አንድ ቤተሰብ ይመስላል፤ የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ በፕላስቲክ ባልዲ የተሞላ ቅቤ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ ደግሞ የሕፃን ልብስ። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ሹራብ፣ ሁሉም በእጇ የሠራችው፣ ሁሉም ሱፍ።

የጣርማ በርን ዋሻ ስንወጣ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ካፖርቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ሹራቤን። አጣዬ ስንደርስ የሸሚዜን ቁልፍ እስከ ሆዴ ፈትቼ በካናቴራ ቀረሁ፤ ከዚህ በታች የሚወልቅ ስለሌለ መስኮቱን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የከሚሴ ነጋዴ እያንዳንዱን ልብስ ሳወልቅ እየተቀበለ እጉልበቱ ላይ ያጣጥፍልኝ ነበር። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ አሁን ያየሁት ሙቀት ደረቅ ስለሆነ ገና ምንም እንዳላየሁ በትሕትና አስረዳኝ።

ደሴ ሲመሽ ገባን። ደሴ ብርድ አለ። ያወለቅሁትን ሁሉ መልሼ ለበስኩና ነጋዴው አጋኗል ብዬ ተጽናናሁ። ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት የሰኔን ጾም እንደያዝን ስትሰማ ከምግብ ዝርዝሩ ውጪ ሽሮ አሠራችልን። መርሳ እንደምንሄድ ስነግራት፣ «በሰኔ?» አለችና ሁለት ትልልቅ የታሸገ ውኃ አምጥታ ከጓዛችን ጋር አስቀመጠች።

እሑድ

ከደሴ በሚኒባስ ተነሣን። ሐይቅ ላይ ውኃው ለአፍታ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ውጫሌን አለፍን፣ ከዚያ መንገዱ እንደገና መውረድ ጀመረ። ውርጌሳ ስንደርስ ሞተሩ ጋለና ሹፌሩ ከነተሳፋሪው ጥግ ይዞ ቆመ። እኛ አገር መኪና የሚቆመው በብርድ አልነሣ ብሎ ነው፤ በሙቀት ሲቆም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥላ ያለው አንዲት ማንጎ ሻጭ ከጣለችው የላስቲክ ዳስ ሥር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ የራሷን በርጩማ ለአስካለ ለቀቀችላትና እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የቅቤው ነገር የታወቀው እዚያ ነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ቀልጦ በክዳኑ እየሾለከ ሻንጣዬን አልፎ ካፖርቴን አርሶታል። ማንጎ ሻጯ ሳትጠየቅ ሁለት ባዶ የውኃ ጠርሙስ ከጎረቤት ለምና አመጣችና የተረፈውን አንድ ጠብታ ሳታፈስ ገለበጠችልን። ለማን እንደሆነ ጠየቀች። ለአራስ ስንላት፣ «ማሻአላህ፣ ታዲያ ይህ ቅቤ ደርሷል ማለት ነው፤ መርሳ እኮ እዚህች ናት» አለች። ካፖርቴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ገንፎ ገንፎ ይሸታል።

መርሳ የገባነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወበቅ የሚባለውን ነገር እዚያ ተዋወቅሁት። ፀሐይ ቢሆን ጥላ ፈልጎ ማምለጥ ይቻላል። ወበቅ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከግድግዳው፣ ከወንበሩ፣ ከገዛ ሸሚዜ ውስጥ ይወጣል። ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል፣ ዝናብ ግን የለም። ክረምት ደረሰ እየተባለ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ መልሶ ላቡን ይጠርጋል።

ህሊናና ተመስገን የሚኖሩት የወይዘሮ ዘሃራ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ክፍል ቤት ነው። ወይዘሮ ዘሃራ ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ተበትነው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። በሩን የከፈቱልን እሳቸው ነበሩ። በክንዳቸው ላይ አንዲት ቁራጭ ስስ ሻሽ ብቻ ጣል የተደረገባት ሕፃን ተኝታለች። አስካለ የልጅ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት እንዲህ ነው፤ በሌላ ሴት እጅ፣ እግሮቿ ባዶ፣ ሆዷ የተገለጠ።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ቀመር፣ ይኸው አያትሽ መጡልሽ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። ቀመር በዐረብኛ ጨረቃ ማለት ነው፤ ስም እስኪወጣላት እሳቸው ያወጡላት መጠሪያ ነው።

አስካለ ሕፃኗን ተቀበለች፣ ሳመች፣ ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለቻት። የእኔ ልጅ አለቻት እንጂ ቀመር አላለቻትም።

ሰኞ

አገዛዙ በማግስቱ ተለወጠ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ነፋስ ይመታታልና። በሩ ላይ መጋረጃ ተደረበ፣ ምች ይገባልና። ሕፃኗ ካልሲ፣ ሹራብና ኮፍያ ለብሳ በብርድ ልብስ ተጠቀለለች። ህሊና ቀስ ብላ «እማዬ፣ እዚህ እኮ...» ስትል አስካለ ሰባት የወንድምና የእህት ልጅ እንዲህ እያደረገች እንዳሳደገች አስታወሰቻት። እውነቷን ነው። ሰባቱም ግን ያደጉት ደብረ ብርሃን ነው።

ወይዘሮ ዘሃራ ቀትር ላይ ምሳችንን ይዘው መጡ፤ ለአራሷ በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ ጾም ላይ መሆናችንን አውቀው ደግሞ ለእኛ በዘይት የተሠራ ምስር በሌላ ዕቃ። አስካለ በር ላይ በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነቻቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ መጋረጃውን ግን አልገለጠችም። ከሦስት ሳምንት በላይ እንደ ቤታቸው ሲገቡ ሲወጡበት የነበረ ክፍል ነው። ትንሽ ቆም አሉና ተመለሱ።

እኔ ከቤቱ ሸሸሁ። ተመስገን ሱሪዬ ከጭኔ ጋር ተጣብቆ ሲያየኝ አዝኖ አንድ ሽርጥ ሰጠኝ፤ እዚያ ወንዱ ሁሉ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የሚለብሰው ጨርቅ ነው። ለሠላሳ አንድ ዓመት በክራቫት ተማሪ ፊት የቆምኩ ሰው ሽርጥ ለብሼ ወደ መርሳ ገበያ ወጣሁ። በእግሮቼ መካከል አየር ሲገባ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ደስታው የቆየው ማንጎ ለመምረጥ ጎንበስ እስክል ነው። ቋጠሮው ሲፈታ ተሰማኝ። ማንጎውን ጥዬ በሁለት እጄ ያዝኩት።

በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ሽማግሌ ከአጠገቤ ቆመው ነበር። ሳይስቁ ቀረብ አሉና ጫፉን ከእጄ ተቀብለው ወገቤ ላይ ወደ ውስጥ ጠቅልለው ሰካ አደረጉት። እንደ ቀበቶ ማሰር ሳይሆን መጠቅለል መሆኑን አስተማሩኝ፤ ሁለት ጊዜ አስፈትተው ራሴ እንድሠራው አደረጉ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አብሽሩ፣ ዝናቡ ቀርቧል፤ ያኔ ይለምዱታል» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። በአገሬ ማንም ሰው የማያውቀውን ሰው ወገብ አይነካም። እዚህ ግን ነገሩ እንደ ሰላምታ ቀላል ነበር።

ማታ አጎበር ውስጥ ተኛን። አንድም ልብስ ሳልደርብ የተኛሁበት የሕይወቴ የመጀመሪያ ቀን ነው።

ማክሰኞ

ከምሳ በፊት ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሕፃን ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ እየሰለለ መጣ። ጡት ሲሰጧት አልጎርስ አለች። ህሊና ኮፍያዋን ስታወልቅላት ግንባሯና አንገቷ በቀይ ሽፍታ ተሸፍኗል። ሰውነቷ ይፋጃል።

«ወባ ነው» አለች አስካለ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ብዬ ነበር። ዛሬውኑ እንሄዳለን፤ ዕቃ አስሩ።»

ህሊና እያለቀሰች ነበር፣ ተመስገን ማሳ ነው። እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ካፖርቴን አነሣሁ፤ ለምን እንዳነሣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ወይዘሮ ዘሃራ በር ላይ ቆመው ነበር። አልገቡም። «ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ባጃጅ ጠርቻለሁ» አሉ፣ ያ ብቻ።

ነርሷ ሕፃኗን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ትፈታት ጀመር። ብርድ ልብስ፣ ነጠላ፣ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ጓንት። እያንዳንዱን እየጎተተች ጎን ላይ ትከምራለች፤ ክምሩ ከልጅቷ በለጠ። ሙቀቷን ለካች፣ ከተረከዟ ደም ወሰደች፣ ከዚያ ራቁቷን ትታት እንድንጠብቅ ነገረችን። ያን ያህል የረዘመ ግማሽ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። አስካለ ዐይኗን ከሕፃኗ ደረት ላይ አላነሣችም።

ነርሷ ተመልሳ ስትለካት ሙቀቱ ወርዷል። በደሟም ወባ የለም። ህሊና ጡቷን ስትሰጣት ጎረሰች፣ እየሳበች ጠባች።

«ልጅቷ በሽተኛ አይደለችም፤ ልብሱ ነው» አለች ነርሷ። አስካለን አየቻትና ድምፅዋን አለዘበች። «እናቴ፣ ከደጋ ነው የመጡት አይደል? እዚህ አንዲት ስስ ጨርቅ ይበቃታል። እንደገና ካተኮሳት ወይ አልጠባ ካለች ግን ሰዓት ሳትቆጥሩ አምጧት።»

በመመለሻችን አስካለ የሱፉን ክምር ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ግቢው በር ላይ ይጠብቁናል። ምን ተባለች፣ ምን ሆና ነው ብለው አልጠየቁም።

«ጠባች?» አሉ።

«ጠባች» አለች አስካለ።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩን ከፈቱልን። አስካለ ክፍሉ ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው መስኮቱን መክፈት ነው።

ረቡዕ

የረቡዕን ቀን ያሳለፍኩት ተኝቼ ነው። ማንጎ እኛ ዘንድ የሚመጣው ደርቆ፣ ተመትቶ፣ ሁለት ቢገኝ ነው፤ እዚህ ከዛፍ የወረደ፣ ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ ነው። ማክሰኞ ማታ በደስታና በድንጋጤ መካከል ሆኜ ሰባት በላሁ። ሆዴ ከዚያ በኋላ የራሱን መንገድ ሄደ። ወይዘሮ ዘሃራ የሩዝ ውኃ በጨው አፍልተው ላኩልኝና ሁለተኛ ከሦስት እንዳላልፍ አስጠነቀቁኝ።

የተኛሁት በመስኮቱ ሥር ነበር። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሕፃኗን በለብታ ውኃ ሲያጥቡ እሰማቸዋለሁ። ወይዘሮ ዘሃራ እሳቸውም የደጋ ሰው መሆናቸውን ነገሯት፤ የኩታበር ልጅ ናቸው። ለትዳር ወደ መርሳ ሲመጡ ገና ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አልቅሰው፣ ሦስት ጊዜ ጓዛቸውን ጠቅልለው ነበር።

«ማን አስቀረዎት?» አለች አስካለ።

«ማንም። አንዴ መኪና ጠፋ። አንዴ ዝናቡ መጣ። ሦስተኛው ላይ ጓዙን ስፈታው የራሴ ቤት መሰለኝ።»

ውኃው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ አንድ ነገር ልናገርና ይቅር ይበሉኝ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «ልጅዎ ምጥ ላይ ሆና እርስዎን ነበር የምትጣራው። እጇን ይዣት ነበር። እማዬ ስትለኝ ወዬ አልኳት። ደግማ ስትለኝም ወዬ አልኳት። የእርስዎን ቦታ መውሰዴ ነው፤ ግን ማንም የሚመልስላት አልነበረም።»

አስካለ የውኃውን ጣሳ ስታስቀምጥ ሰማሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ማንም አልመለሰላትም ብዬ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ።

ሐሙስ

ከተመስገን ጋር ወልድያ ሄድን። አስካለ ሁለት ነገር አዝዛኛለች፤ ቬንትሌተር እንድገዛና እሑድ በሚነሣው አውቶቡስ ለእኔ፣ ለእሷና ሕፃን ለያዘችው ህሊና ሦስት ወንበር እንዳስይዝ። ረቡዕ የሰማሁት ነገር ሐሳቧን የለወጠው መስሎኝ ነበር፤ አልለወጠውም። ወይዘሮ ዘሃራን ወደደቻቸው፣ ሙቀቱን ግን አልወደደችውም።

ከሲሪንቃ ወዲህና ወዲያ ያለው ማሳ ታርሶ ባዶውን ተኝቷል። ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ደመናውን ያያል። ተመስገን በየቦታው እያስቆመ ሰላም ይላል፤ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ መቼ ይዘንባል። እሱም የሚመልሰው አንድ ነው፤ ቀርቧል።

ወልድያ ከመርሳ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ያቺ ትንሽ ከፍታ ለእኔ ገነት ነበረች። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ አዝዤ ትኩስ ጠጣሁ። ቬንትሌተር የሸጡልን የትግራይ ተወላጅ የሆኑ፣ ወልድያ ለረጅም ዘመን የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ለአራስ ቤት መሆኑን ሲሰሙ ወደ ሕፃኗ ሳይሆን ወደ ግድግዳው እንድናዞረው መከሩን፤ ከሱቃቸው ሳንወጣ ሰክተው፣ አስነሥተው፣ ድምፁን አዳምጠው ነው ያስረከቡን።

የትኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ ተመስገን ቆመ። ከመጣሁ ጀምሮ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ተናግሮኝ አያውቅም። አሁን አንገቱን ደፍቶ፣ ህሊና ከሄደች ቤቱ ባዶ እንደሚሆን፣ ግን እናቷ ያሉትን መቃወም እንደማይገባው፣ እሷ የምትለውን እንደሚቀበል ነገረኝ።

«እሷ ምን ትላለች?» አልኩት።

«አልጠየቅኳትም፣ ጋሼ። ሂጂ ያልኳት እንዳይመስላት ፈራሁ። ቅሪ ያልኳትም እንዳይመስላት።»

እንግዲህ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንዲት ልጅ ጉዳይ ቆርጠን ስንወስን አንዳችንም እሷን አልጠየቅናትም። ለራሴ አንድ ወንበር ብቻ አስያዝኩና ተመለስን። ቬንትሌተሩን መርሳ አድርሰን ስንሰካው መብራት ጠፋ።

ዓርብ

«ትኬቱስ?» አለች አስካለ በጠዋት። የሆነውን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበችና ተነሥታ ህሊና ወዳለችበት ክፍል ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ልጄ» አለች፣ «እኔ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። አንቺስ?»

ህሊና ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «እማዬ፣ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። «ከሚያዝያ ጀምሮ በየቀኑ ፈልጌያለሁ። ግን አሁን ከሄድኩ ተመልሼ አልመጣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስመጣ ኅዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ክረምቱን ገና አላየሁትም። አንድ ዓመቱን ሙሉ ልየው። ካልሆነልኝ እኔው ራሴ ደውዬ ኑ ውሰዱኝ እላችኋለሁ።» ከዚያ ጨመረች፦ «አንቺ ግን ካልቸኮልሽ ቆይልኝ።»

አስካለ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«የእኔ አልጋ የት ሊሆን ነው?» አለች።

የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ከምሥራቅ በኩል ነፋስ ተነሣ። አቧራው መንገዱን ሸፈነው፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ጠጠር ወረዱ። እኛ አገር ዝናብ ሲጥል ሰው ይሸሻል። እዚህ ሁሉም ወጣ። ወይዘሮ ዘሃራ እጃቸውን ዘርግተው ግቢው መካከል ቆሙ፣ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። አስካለ በረንዳው ጫፍ ላይ ሆና አየቻቸው፣ አየቻቸው፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። በዝናብ ጉንፋን ይይዛል ብላ አርባ ዓመት ያስተማረችኝ ሴት ናት።

ቅዳሜ

ዝናቡ ሙቀቱን የሚያጠፋ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ እንደ ድስት ተነነ። አጥቤ ያሰጣሁት ሸሚዝ ሳይደርቅ ዋለ። ግቢው ክንፍ ባወጣ ምስጥ ተሞላ፤ አንዱ ሻዬ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ተመስገን ይህ ገና መጀመሪያው መሆኑን፣ እስከ መስከረም እንዲህ እየዘነበና እየታፈነ እንደሚቆይ ነገረኝ። ዝናብ ሲጥል ይቀዘቅዛል፣ ሲያባራ ይታፈናል፤ ሰው በሁለቱ መካከል ይኖራል።

ግን ፊቱ በርቷል። አብሬው ወደ ማሳ ወጣሁ። ከትናንት ወዲያ ቆሞ ሰማይ ሲያይ የነበረው ገበሬ ሁሉ በሬ ጠምዷል። ከመንገዱ ወጣ እንዳልኩ የቀኝ ጫማዬ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ እግሬ ብቻውን ወጣ። የሚያርሰው ሰው በሬዎቹን አቁሞ መጣና እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣልኝ፣ በሣር ጠረገልኝ፣ የደጋ ጫማ እዚህ እንደማያዋጣም ነገረኝ። ሊዘራ የቸኮለ ሰው ነው። ለአንድ አሮጌ ጫማ ቆመ።

ሁለተኛው እሑድ

አውቶቡሱ ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ የሚያልፈው በማለዳ ነው። ተመስገን ሻንጣዬን ያዘ፤ ሻንጣው ቀሏል። ወይዘሮ ዘሃራ ለመንገድ ቆሎና ሦስት ማንጎ ቋጠሩልኝ። ሦስት መሆኑን ቆጥረው አሳዩኝ።

መንገዱ ዳር ቆመን ስንጠብቅ አስካለ እየሮጠች መጣች። ልትሸኘኝ አትመጣም ብዬ ነበር፤ ከመጣን ጀምሮ ሕፃኗን ትታ ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ስስ የጥጥ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከማን እንደተዋሰችው ገባኝ።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«ከዘሃራ ጋር ናት» አለች፣ የአንገቴን ቁልፍ እየፈታችልኝ።

ጉዞው ወደ ላይ ነው። ያወለቅሁትን ልብስ በየከተማው መልሼ ለበስኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጎረቤቶቻችን አራሷን ለማየት ገንፎ ይዘው መጡ፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ብቻዬን ነኝ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ግማሾቹ አዘኑልኝ። የሠሩትን ገንፎ ግን ትተውልኝ ሄዱ፤ በዚያም ሦስት ቀን ኖርኩ።

አሁን ሐምሌ እያለቀ ነው። አስካለ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ማሽላው ጉልበት ድረስ ደርሷል አለችኝ፤ ልጅቷ ስቃለች፤ ሽፍታው ጠፍቷል፤ እሷ ራሷ ግን ቀን ቀን መተኛት ለምዳለች። ትናንት ክርስትናው የት እንደሚሆን ስጠይቃት ተቆጣችኝ። መርሳ ነው እንጂ ሌላ የት ሊሆን። ዘሃራ ለእስላሙ እንግዳ የሚታረደውን በራሷ ቤት ለብቻ ልታሰናዳ ተስማምታለች፣ ድንኳን የሚያከራየውንም ሰው አነጋግራዋለች።

«ማታ ደግሞ ነፋስ ነፈሰልን» አለችኝ ስልኩን ልትዘጋ ስትል። «እኛ አገር በሐምሌ እንዲህ ያለ ነፋስ ብርቅ ነው።»

እኔ በመስኮቱ በኩል በረዶው የደብረ ብርሃንን ግቢ ነጭ ሲያደርገው እያየሁ፣ ብርቅ ነው አልኳት።